የአርባ አንድ ሰከንዱ ደዋይ

በ2094 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ደሴ ላይ ሱብሒ የሚሰገደው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እንድሪስ ሙሄ ከሰፈሩ መስጊድ ሰግዶ ይወጣል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ አጥሩ ጥግ ካለችው ወይራ ሥር ይቆምና ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። አይናገርም፤ ይሰማል ብቻ። አርባ አንድ ሰከንድ ሲሞላ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ይወርዳል። ጉም ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ የሚቆርጥ ቢሆን አንድ ቀን አይቀርበትም።

በወዲያኛው ጫፍ የምትናገረው ሚስቱ ዘምዘም ናት። ዘምዘም ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ድምፁ፣ አንድ ተራ ቀን ስልኩን አላነሳ ሲላት የተወችለት መልእክት ነው፤ ቁም ነገር የለበትም። ስለ ቃሪያ፣ ስለ ዣንጥላ፣ ስለ አንዲት ዶሮ ታወራለች፤ ከዚያ ትስቃለች። እንድሪስ ሲሰማት ትንፋሹን ይይዛል፣ የራሱ ትንፋሽ ድምፅዋን እንዳይሸፍንበት። ፎቶዋ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሻሿም ሳጥን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ፎቶ ሲስቅ አይሰማም።

ድምፁን ቤቱ አያስቀምጠው ነገር ሕግ አይፈቅድም። አንድ ሰሞን ሌቦች በሟች ድምፅ እየደወሉ የሐዘንተኛ ቤት ሲያራቁቱ፣ በየቤቱ ያለ የሟች ድምፅ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ማኅደር ገባ፤ ማኅደሩንም አንድ ድርጅት ያስተዳድረዋል። ቤተሰብ ደውሎ ይሰማል እንጂ ቀድቶ አይወስድም። ደንቡ አጭር ነው፦ ሕያው ጆሮ ያለው ድምፅ አይዘጋም፣ ጆሮ ያጣ ድምፅ ይዘጋል፣ የተዘጋ አይከፈትም። እንድሪስ ይህን ደንብ በቃሉ ያውቀዋል።

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ያደርሰዋል። እዚያ ባለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኑ ብቻውን ይፈትላል፣ ብቻውን ይሸምናል፣ ብቻውን አጣጥፎ ይጭናል። እንድሪስ የሰው እማኝ ነው። ያለ ሰው የሚሠራ ሥራ የለም የሚል አሮጌ ሕግ ስላለ፣ በየሰዓቱ አውራ ጣቱን አንዲት መስታወት ላይ ይጫናል፤ መዝገቡም «እዚህ ሰው ነበረ» ብሎ ያልፋል። አንዲት ደቂቃ ከዘገየ አልነበርክም ይባላል። በሁለት ጣት ጫና መካከል ያለውን ሰዓት የሚያደርግበት ነገር የለም። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሲኖር እሱም ሰዓት ሆነ፤ አበላሉ፣ አጠጣጡ፣ ወይራዋ ሥር አቋቋሙ ዝንፍ አይልም።

የካቲት አጋማሽ ላይ ልጁ ሉባባ ከኮሌጅ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምታጠናው የሂሳብና የመረጃ ትንተና ነው፤ የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነው። ያ አንዱ ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ሕያው ፈተና ይሉታል።

በእሷ ዘመን የሂሳብ ተማሪ ለንግዱ ዓለም የሚዘጋጀው እንዲህ ነበር። አንደኛ ዓመት ቁጥር ይማራል። ሁለተኛ ዓመት ጽዳት ይማራል፤ ጽዳት ማለት ከመረጃው ውስጥ የተበላሸውን ረድፍ፣ ሰው የማይመስለውን፣ ሌላውን የሚያሳስተውን መርጦ ማውጣት ነው። ሦስተኛ ዓመት አቋቋም ይማራል፦ እጅ አለማወራጨትን፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግን፣ መዝጋትን «ማቅለል» ማለትን። አራተኛ ዓመት አንድ ድርጅት የገዛ ራሱን ችግር፣ ስም ሁሉ ተፍቆ ቁጥር ብቻ ቀርቶበት፣ ለተማሪው ይሰጠዋል። ተማሪው አምስት የድርጅቱ ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ መፍትሔውን በሦስት ደቂቃ ይናገራል። ጠረጴዛው ካመነ መፍትሔው በሳምንቱ ይፈጸማል፣ ተማሪውም እዚያው ይቀጠራል። ካላመነ ሁለተኛ ዕድል የለም። የወደቁት የት እንደሚሄዱ እንድሪስ አሳምሮ ያውቃል፤ አንዷ አጠገቡ ነው የምትሠራው።

ቤቱ በሉባባ ልምምድ ተሞላ። ጠዋት ስትነሣ መስታወት ፊት ትቆማለች። ኮሌታዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጌጥ ሰክታለች፤ ኮሌጁ የሰጣት ናት። «ምናልባት» ካለች ጌጧ ጢቅ ትላለች። «ይመስለኛል» ካለችም ጢቅ። የተጠራጠረ ሰው ለተቸኮለ ሥራ አስኪያጅ አይሆንም ነው ነገሩ።

«አባ፣ ለእራት ምን ልሥራ?»

«እንጃ ልጄ፣ ያሰኘሽን።»

ጢቅ።

«እኔንም ትቆጣለች እንዴ?» አለ እንድሪስ። ሉባባ ሳቀች። ስትስቅ እናቷን ትመስላለች፣ ድምፁ ግን የእናቷ አይደለም። እሱ ይህን ሁልጊዜ ያስተውላል፣ ተናግሮት ግን አያውቅም።

ስለ ዘምዘም ድምፅ በዚህ ቤት ማውራት ከቀረ ቆይቷል። በተለቀሰበት ሳምንት ሉባባ መልእክቱን ልትሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እንድሪስ» የምትለውን የመጀመሪያዋን ቃል ስትሰማ ስልኩን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከወራት በኋላ «አባ፣ ያ ድምፅ እስካሁን አለ?» ብላ ጠየቀችው። ዓይኗን ሲያየው እንባ አቅርሯል። «ተይው እሱን፣ ትቼዋለሁ፣ ተዘግቷል» አላት። ልጅን ላለማስለቀስ የተዋሸች ትንሽ ውሸት ነበረች። ከዚያ ወዲያ አንስታበት አታውቅም፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወደ ወይራዋ መሄድ ለመደ።

ኮሌጁ አንድ ሥርዓት አለው፤ የማያውቅ ጆሮ ይሉታል። ተማሪው ጠረጴዛው ፊት ከመቆሙ በፊት ገለጻውን ሂሳብ ለማያውቅ ዘመዱ ያሰማል። ዘመዱ «ገብቶኛል፣ ጥያቄ የለኝም» በሚለው ሥር አውራ ጣቱን ያኖራል። ዘመዱ ጥያቄ ካስመዘገበ ግን ተማሪው ሥራውን ከሥሩ ይጀምራል፤ የፈተናው ቀን ደግሞ አይጠብቀውም።

«አውራ ጣት ከሆነ የፈለግሽው ምን አስቸገረሽ» አለ እንድሪስ። «ለሌላ ሙያ አልሆንም እንጂ ለእሱስ ማን ብሎኝ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አዲሱን ኮቷን ለበሰች፣ ጌጧን አስተካከለች፣ ግድግዳው ላይ መስመሮቿን አበራች። ከዚያ እሱ በማያውቀው ዝግ ያለ ድምፅ ጀመረች።

«የሟች ድምፅ ማኅደሩ ስልሳ ሺህ ድምፅ ይዟል። ጆሮ ያጣው በደንቡ ይዘጋል። ጆሮ አለው ተብሎ ከተያዘው ውስጥ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የሚሰማው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ቤተሰብ ድምፁ እንዳይዘጋበት ማሽን አሥሮ ሄዷል።»

እንድሪስ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ድርጅቱ የትኛው እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት አልነገረችውም ነበር፤ መናገር አይፈቀድላትም።

«የሰው አደዋወል ይህን ይመስላል» አለች፣ ላይ ታች የሚዘል መስመር እያሳየች። «ሰው ይረሳል። ይታመማል። ይሰለቻል። በዒድ ቀን ሦስቴ ይደውልና ወር ይጠፋል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን በየቀኑ፣ አንዴ ብቻ፣ በሰዓታቸው ይደውላሉ። አንዱን ለምሳሌ እንይ።»

ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ቀረ። ረጋ ያለ፣ እንደ ሐይቅ ውሃ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ነበር።

«ይህ ደዋይ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ደውሏል። በየቀኑ አርባ አንድ ሰከንድ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ሰዓቱም ይንሸራተታል፤ ክረምት ሲገባ ጥቂት ይቀድማል፣ ጥርና የካቲት ላይ ጥቂት ይዘገያል። ሰዓቱ የተበላሸ ማሽን ጠባይ ነው። በስድስት ዓመት ያልደወለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መስከረም ሃያ፣ 2091። ያን ቀን ኃይል ተቋርጦበት ይሆናል።»

ጢቅ አለች ጌጧ።

«ኃይል ተቋርጦበት ነው» ብላ አረመች ሉባባ።

ሦስቱ ደቂቃ አለቀ። እንድሪስ መስመሩን ያያል። ስድስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ሲያየው የመጀመሪያው ነው፤ እንዲህ ያምር እንደነበር አያውቅም። ሰዓቱ አልተበላሸም። ፀሐይ ናት የምትንሸራተተው፣ ሱብሒም አብሯት ይሄዳል። ይህች ልጅ በሰባት ዓመቷ ለሱብሒ ተቀስቅሳ የውዱእ ውሃ ቀዘቀዘኝ እያለች ስትንጫጫ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ልጅ ነበረች። መስከረም ሃያ ደግሞ ኮሌጅ ያደረሳት ቀን ነው። ገና ሳይነጋ ፍራሿን በትከሻው ተሸክሞ አብረው ወጡ፤ መንገድ ላይ ሰገደ፤ አጠገቡ ስለነበረች አልደወለም። ያን ቀን መደወል እንዳልነበረበትም ተሰምቶት ነበር፣ ደስ ብሎት ስለነበር።

«አባ፣ ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። ከዚያም «ሰውስ ቢሆን?» አላት።

«ማን?»

«እሱ… የአርባ አንድ ሰከንዱ።»

ሉባባ ሳቀች። «ሰው እንዲህ አይሆንም አባ። ስድስት ዓመት አንዲት ነገር ደጋግሞ፣ በሰከንድ ሳይዛነፍ? ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ?» ከዚያ ሳቋ ደረቀ። ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች። «ጥያቄ ነው? ላስመዝግበው? ንገረኝ፤ ጥያቄ ከሆነ መመዝገብ አለበት።»

ፊቷን አየው። አራት ዓመት እንቅልፍ ያጣች ልጅ ፊት ነው።

«ኧረ አብሽሪ! ጨዋታ ነው» አለ።

«አፈር ስሆን አባ፣ በዚህ አትጫወትብኝ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ።»

አውራ ጣቱን ግን ያን ዕለት አላኖረም። ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ይሁን፣ ለበረከቱ፣ አላት። ለበረከቱ አልነበረም።

ፋብሪካ ውስጥ ከእሱ በስተግራ ያለው መስታወት የከበቡሽ ነው። ከበቡሽ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሲሆን የሂሳብ ተማሪ ነበረች። ማሽኑ የሚሸምነውን ክር በዓይኗ እየቆጠረች ቀኗን ታሳልፋለች፤ ማንም ቁጠሪ አላላትም። አሥር ዓመት መስታወት ከመጫን የተነሣ የአውራ ጣቷ ጫፍ ለስልሷል።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እንድሪስ ጠየቃት። «ከበቡሽ፣ ያኔ በፈተናሽ ጊዜ ጆሮሽ ማን ነበር?»

«እናቴ ነበረች።»

«ጣቷን አኖረች?»

«አላኖረችም ጋሽ እንድሪስ። ጥያቄ አለኝ አለች። አንድ ዳቦ ቤት ይዘጋ የሚል ነበር ሥራዬ፤ ‹እዚያ የሚሠሩት ሴቶች የት ይገባሉ?› አለች። ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። ጥያቄው ተመዘገበ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ ቀኑ አለፈኝ።»

«ተቀየምሻት?»

ከበቡሽ የጎረሰችውን ዋጠች። «አልተቀየምኳትም» አለች። «እናትን እንዴት ይቀየማሉ? ግን በየሰዓቱ አስታውሳታለሁ።» ያን ጊዜ ሰዓቱ ደረሰና ሁለቱም ተነሥተው አውራ ጣታቸውን ተጫኑ።

እንድሪስ ያን ሳምንት ብዙ አሰበ። ለልጁ እውነቱን ቢነግራትስ? ይህንም አሰበ። ቢነግራት ሉባባ ሥራውን ትቀዳደዋለች፤ ያውቃታል፣ አንድ ደቂቃ አትቆይም። ከዚያ እሱ በየማለዳው ዘምዘምን እየሰማ ይወርዳል፣ ልጁም አብራው አውቶቡስ ተሳፍራ ትወርድና ከእሱ በስተቀኝ ካለው መስታወት ፊት ትቆማለች። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት። ክር ትቆጥራለች። «እዚህ ሰው ነበረ» ይላል መዝገቡ። ሰው «የሞተ ተጎዳ» ይላል፤ እንድሪስ ለስድስት ዓመት ይህን ተረት ሲሰማ ይናደድ ነበር። አሁን ግን በተረቱ መደገፍ ፈለገ፣ አልደግፍ አለው እንጂ።

ዓርብ ከጁሙዓ ተመልሶ ጣቱን አኖረ። ገብቶኛል፣ ጥያቄ የለኝም። ሉባባ ግንባሩን ሳመችው።

መጋቢት ሦስት ቀን ጠረጴዛው ፊት ቀረበች። ገና ሳይመሽ በሩን ገፍታ ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ተቀበሉኝ!» አለች። «አባ፣ ተቀበሉኝ! አንዱ ሰውዬ ‹መስከረም ሃያስ?› ብሎ ሊይዘኝ ነበር። ኃይል ተቋርጦበት ነው አልኩት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ጻፈው።»

እንድሪስ እልል የሚል ሰው ቢኖር ብሎ ተመኘ፤ ራሱ እልል ማለት አይችልበትምና እጇን ይዞ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ አለ። ደስታው ውሸት አልነበረም። እውነተኛ ደስታ ስለነበር ነው ይበልጥ የከበደው።

«እንግዲህ የቀረው ሳምንት ነው» አለች እራት ላይ። «ሰባት ቀን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ይከታተሏቸዋል። አንዱ እንኳ በመሀል እንደ ሰው ከደወለ ሥራዬ ውድቅ ነው።»

«እንደ ሰው ማለት?»

«ከሰዓቱ ውጭ። ወይ በቀን ሁለቴ። ማሽን እንዲህ አያደርግማ።»

እንድሪስ ቁራሹን ወጡ ላይ መለሰው። በልቻለሁ አለ።

ያ ሰባት ቀን በእንድሪስ ዕድሜ ረጅሙ ሳምንት ሆነ። ዘምዘም ሰባት ማለዳ ቀርቷታል፤ አርባ አንድ አርባ አንድ ሰከንድ። መንገደኛን የሚሸኝ ሰው እንኳ ደግሞ ይስማል፣ ተመልሶ ያቅፋል። እሱ ይህ አልተፈቀደለትም። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ በሁለት ጣት ጫና መካከል ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን በዓይኑ አየው። አንዴ ብቻ ቢደውል ዘምዘም ትድናለች፤ አንዴ ብቻ ቢደውል ሉባባ ታልቃለች። ከበቡሽ ከጎኑ «አንቱ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችው። ላብ አጥምቆታል። ስልኩን ለእሷ ሰጣት።

«እስከ ማታ ያዥልኝ» አለ። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ጠዋት ተቀብላው ማታ ሲለያዩ ትመልስለት ነበር።

ስለ ሌሎቹ ሦስት መቶ አሥራ አንዱም ያስብ ጀመር። ከመካከላቸው አንዱ በእኩለ ቀን ቢደውል ሁሉም ይድናል። ማንም አልደወለም። ምናልባት የእውነት ማሽኖች ናቸው። ወይም ደግሞ ማንም የነገራቸው ስለሌለ ነገም እንደ ልማዳቸው ሊደውሉ ተኝተዋል። የቱ እንደሚሻል ማወቅ አቃተው።

በሰባተኛው ማለዳ ወይራዋ ሥር ቆሞ ለመጨረሻ ጊዜ ሰማት። ትንፋሹን ያዘ። አርባ አንድ ሲሞላ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ወረደ፣ አውራ ጣቱን በሰዓቱ ተጫነ። እዚህ ሰው ነበረ አለ መዝገቡ።

ስምንተኛው ቀን የሉባባ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነበር። ቢሮዋም ኮምቦልቻ ስለሆነ አብረው ሊሳፈሩ ተነጋግረዋል። ማቆሚያው ላይ እንገናኝ ነበር ያላት። እሷ ግን በደስታ እንቅልፍ አልወስድ ብሏት ቀድማ ተነሣች፤ አዲሱን ኮቷን ለብሳ፣ አባቷን ከመስጊድ ልቀበለው ብላ ወጣች።

እንድሪስ ሰግዶ ወጣ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ እግሩ እንደ ልማዱ ወደ ወይራዋ ወሰደው። መደወል አልነበረበትም፤ ደወለ። አንዲት የማያውቃት ሴት «የጠየቁት ድምፅ ተዘግቷል» አለችና ጸጥ አለ። ስልኩን ከጆሮው አላነሣም። የዘምዘምን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቡ ይወጣው ጀመር፤ እያንዳንዱን በቦታው፣ በልኩ። ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ከተተና ዞረ።

ሉባባ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወርዶ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። የምታየው የእጅ ሰዓቷን ነበር።

ሰጋጆች በመካከላቸው አሰላሙ ዐለይኩም እያሉ ያልፋሉ።

«አርባ አንድ» አለች ሉባባ በመጨረሻ። «መስከረም ሃያ… ፍራሼን ተሸክመህ…» አልጨረሰችውም።

«ልጄ።»

«አውቀህ ነው ጣትህን ያኖርከው?»

«ገብቶኝ ነው።»

«ምናልባት…» አለች፤ ጢቅ። «ምናልባት ሄጄ ብነግራቸው…» ጢቅ። «ተሳስቻለሁ ብል፣ ምናልባት…» ጢቅ አለች እንደገና። ሉባባ ጌጧን ከኮሌታዋ ነቅላ ጨበጠቻት። ኮሌታዋ ተቀደደ።

«የተዘጋ አይከፈትም» አላት እንድሪስ። «ደንቡን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው። አብሽሪ። ሰው ሁኚልኝ ብዬ ነው፤ በእኔ ቦታ እንዳትቆሚ።»

እንባዋ ወረደ። ልጅ ሳለች እንደምታለቅሰው አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ሳታወጣ ነው የምታለቅሰው። አቀፋት። አውቶቡሱ ታች ማቆሚያው ላይ መጥቶ ሲቆም ተሰማ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም፤ ጥሏቸው ሄደ። እንድሪስ በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።

«ሳልሰማት» አለች ደረቱ ላይ እንዳለች። «የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። አባ፣ ምን ትል ነበር?»

እንድሪስ ጉሮሮውን ጠረገ። ወይራዋ ሥር ወስዶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት፣ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ በራሱ ሻካራ ድምፅ፣ በሚስቱ አነጋገር ልክ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይላት ጀመር።

«‹እንድሪስ፣ ስልክህን አታነሣም እንዴ? ስትመለስ ቃሪያ ያዝ። ትልልቁን እንዳታመጣ፣ እሱ አያቃጥልም። ዣንጥላህን ደግሞ በር ላይ ጥለኸው ሄደሃል። ያቺ ዶሮ፣ ስንት ቀን የት ትጥላለች እያልን ስንፈልጋት የነበረችው፣ ወላሂ ዣንጥላህ ውስጥ ነው እንቁላሏን የጣለችው!›»

ቆመ።

«እዚህ ላይ ትስቃለች» አለ።

ሳቋ ስድስት ሰከንድ ነበር። እንድሪስ ስድስቱን ሰከንድ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ልጁም አብራው ጠበቀች።

«‹በሩን አልቆልፈውም›» አለ ቀጥሎ፣ «‹ገፋ አድርገህ ግባ።›»